«ይኸውልሽ አያቴ፣ የዩሪ ቀን!» ለምን አያቴ?

ሞስኮ የሚማረው የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። ሜትሮ ከአፍንጫው ስር አምልጦታል። «ቮት ቴቤ ባቡሽካ ኢ ዩሪየቭ ዴን!» አለኝ እየሳቀ። ይኸውልሽ አያቴ፣ የዩሪ ቀን ማለቱ ነው። ሩሲያኛው አምሮለታል። አባባሉን ግን ያለ ቦታው ጣለው።

«ያልታሰበ ነገር ሲመጣ የሚባል» ብለው ነው የሚያስተምሯቸው። እሱማ የላይ የላዩ ነው።

ዩሪ የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እኛ ህዳር 7 በልዳ የታነጸለትን ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት እናከብራለን። ሩሲያውያን ደግሞ በድሮ አቆጣጠራቸው ኖቬምበር 26 ኪየቭ ላይ የታነጸለትን ያከብራሉ። በዚያን ጊዜ አዝመራው ገብቷል፣ ተወቅቷል። ቢራው ተጠምቋል። ምድሩም በረዶ ለብሶ ለተንሸራታች ጋሪ ተመችቷል። በ1497 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) የወጣው የሞስኮው ገዥ የሦስተኛው ኢቫን ሕግ ገበሬ ከጌታው የሚለቅበትን ጊዜ በዚሁ በዓል ዙሪያ ወሰነው። ከበዓሉ በፊት አንድ ሳምንት፣ ከበዓሉ በኋላ አንድ ሳምንት። በቀረው ዓመት ንቅንቅ የለም። ሲለቅም ለኖረበት ቤት ይከፍላል። አራት ዓመት ከኖረ ሜዳማ አገር ላይ 1 ሩብል፣ ደን ባለበት ግማሽ ሩብል። ደን ባለበት እንጨት ቅርብ ነዋ!

እኔን የምትይዘኝ ግን አያቲቱ ናት። ገበሬው ለምን ለሚስቱ ወይ ለወንድሙ አላለውም? ሩሲያ ገጠር ቤት ሲለወጥ ከቤቱ አንጋፋዋ ሴት በአሮጌው ምድጃ የመጨረሻውን እሳት ታነድዳለች። ከዚያ ፍሙን ጠርጋ በሸክላ ድስት ታደርግና ይዛው ወደ አዲሱ ቤት ትሄዳለች። ዶሞቮይ የሚሉትን የቤቱን ቆሌም አብሯት እንዲመጣ ትጋብዘዋለች።

ይህን ሳነብ የራሴ አያት ትዝ አሉኝ። ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ይዳፍኑታል። ጠዋት ጫር ጫር አድርገው እፍ ሲሉት አመዱ ይበንና ከስሩ ቀዩ ብቅ ይላል። እሳት ሊጭሩ ጎረቤት ሲሄዱ አንድ ቀን አላየሁም።

እንግዲህ እኔ የማምነው ይህን ነው። ባቡሽካዋ ድስቷን አዘጋጅታ ደጅ ቆማለች። የልጅ ልጇ ከጌታው ቤት አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። ዘንድሮ መልቀቅ የለም ተብሏል። ከ1581 ጀምሮ «የተከለከሉ ዓመታት» የሚባሉት መጡ። በ1597 የሸሸ ገበሬ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተፈልጎ ይመለስ ተባለ። በ1649 የመፈለጊያው ጊዜ ገደብም ተነሳ፤ የሸሸ ገበሬ መቼም ቢሆን ተይዞ ይመለሳል። የተቀማችው ዓመቱን ሙሉ ቀን ቆጥራ የተዘጋጀችበትን ነገር ነው። ማታለል የሚለው አንዱ የሩሲያኛ ቃል «ኦብየጎሪት» ነው። ዬጎር ራሱ የጊዮርጊስ ሌላ ስም ነው። ይህም ከዚያ ምድጃ አጠገብ የተወለደ ይመስለኛል።

በ1992 መጀመሪያ ቮሮኔዥ በምትባል የሩሲያ ከተማ ተማሪ ነበርኩ። ከጃንዋሪ 2 ጀምሮ መንግሥት አብዛኛውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። በዚያ ዓመት ብቻ ዋጋ ከ25 እጥፍ በላይ ናረ። የዶርማችን በር ጠባቂ ባልቴት የቁጠባ ደብተራቸውን በመሀረብ ጠቅልለው ከደረታቸው አይለዩትም ነበር። የቀብራቸው ገንዘብ ነው። ልጅ እንዳያስቸግሩ ከጡረታቸው እየቆነጠሩ ያጠራቀሙት። አንድ ቀን ከሱቅ ባዶ ዘንቢል ይዘው ተመለሱ። በረዶውን ከቦቲያቸው አራገፉ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መሀረቡን ፈትተው ደብተሩን አዩት።

«ቮት ቴቤ፣ ባቡሽካ» አሉ። የዩሪን ቀን አልጨመሩም። ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት።

በዚያው ዓመት መኸር ለየዜጋው 10,000 ሩብል የተጻፈበት፣ የመንግሥት ድርጅቶች ድርሻ የሚገዛበት ወረቀት፣ ቫውቸር ታደለ። የመንግሥትን ንብረት ወደ ግል የማዞሩን ሥራ የሚመሩት አናቶሊ ቹባይስ አንዱ ቫውቸር ሁለት ቮልጋ መኪና ያወጣል ብለው ነበር። በቮድካ የለወጠው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ለውጡ ስጠይቃቸው፣ የማውቃቸው ሩሲያውያን ከፓርላማና ከፓርቲ አይጀምሩም። ከእናታቸው የቁጠባ ደብተር ነው የሚጀምሩት።

ዛሬ ካፌ ሲዘጋ የዩሪ ቀን፣ የስልክ ባትሪ ሲያልቅ የዩሪ ቀን ሆኗል። ሩሲያውያኑ ራሳቸውም አበዙት። ቅር ይለኛል። የእህቴን ልጅም ተቆጣሁት። የሞስኮ ሜትሮ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላው ከች ይላል አልኩት። ይህችን አባባል ለባልቴቷ ተውላቸው።