ሲኦሲ ምንድን ነው? ለአስታማሚስ ምን ይጠቅማል?

ቱሉ ዲምቱም በሉት የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ አልጋ የያዙ አባት ወይም እናት ያሉበት ቤት አይጠፋም። የሚያስታምሟቸው ሴቶች ብዙዎቹ ሙያውን የለመዱት እዚያው ሲሠሩ ነው። እጃቸው ይችላል፣ ወረቀት ግን የላቸውም። ሲኦሲ ያ ወረቀት ነው፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ።

ዲፕሎማ የት እንደተማርሽ ይናገራል። ሲኦሲ የሚጠይቀው ምን እንደምትችይ ነው። ስለዚህ ኮሌጅ የገባም፣ በሥራ የለመደም መመዘን ይችላል። ፈተናው የጽሑፍም የተግባርም አለው። ውጤቱ ብቁ ነሽ፣ አለዚያ ገና አልበቃሽም ነው፤ ያልበቃ ተዘጋጅቶ ይመለሳል።

የሚከብደው ተግባሩ ነው። በሽተኛን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወርን እንውሰድ። ጉልበት ያላት ብድግ አድርጋ ታስቀምጣቸዋለች፣ አለቀ። በሙያው ዓይን ግን ዋናው ነገር ከዚያ በፊት ያለው ነው። እጇን ታጠበች? ምን ልታደርግ እንደሆነ ነገረቻቸው? የዊልቸሩን ፍሬን ያዘች? ስታነሳቸው ጉልበቷን አጠፈች ወይስ ወገቧን? አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ተረከዝና ዳሌው ላይ ቆዳው እንዳይቆስል ማየትም እንዲሁ ነው። ይህን ቤት ውስጥ በየቀኑ የምታደርግ ሴት «ለምን?» ስትባል ነው የምትደናገረው። በእኔ እምነት ከፈተናው በፊት አጭር ሥልጠና የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው እንጂ ሥራውን ስለማታውቅ አይደለም።

ምዘናው ከ1 ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጡ ደረጃዎች አሉት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከደረጃ 3 ወደ 4 የሚያድጉት በዚሁ መሰላል ነው። ዐረብ አገር ለሚሄዱም ወረቀቱ ትርፍ ነገር አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሚሠሩት ሥራ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ደንግጓል። «ሳትፈተኚ አወጣልሻለሁ» የሚል ደላላ ግን ገንዘብሽን ነው የሚያወጣው።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። ሲኦሲ ያላት አስታማሚ ነርስ አልሆነችም። መርፌ መውጋትና መድኃኒት ማዘዝ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው።

ምዘናውን የሚያካሂዱት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ለገጣፎ የምትኖሩ በኦሮሚያ ክልል ሥር ባለው ሸገር ከተማ ውስጥ ናችሁ፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳችሁ ከመሰለፋችሁ በፊት የት እንደምትመዘገቡ ቀበሌያችሁን ጠይቁ።