«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት፦ የድሮ ጌሞች በአዲስ ዊንዶውስ ላይ

ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞም ሆነ አያት፣ ላፕቶፑን ይዞ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለ ጠጋኝ የሄደ ሰው የሚሰማው መልስ አንድ ነው። «ፎርማት ይደረግ»፤ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። ለቫይረስ ፎርማት፣ ለቀርፋፋ ማሽን ፎርማት፣ ገና ሲከፈት ለሚዘጋ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስም ፎርማት። ለመጨረሻው ግን ብዙ ጊዜ አይረዳም። ፎርማት ተደርጎ የሚመጣው ያው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ነው፤ ጌሙ ደግሞ በ2005 ለኮምፒውተር የወጣ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጸቡ የሁለቱ ነው።

ከተማው ዳር ላይ የድሮ ጌም የሚሰራጨው በፍላሽ ነው። ዛሬ የሚወጣ ትልቅ ጌም 100 ጊጋባይት ይደርሳል፣ ይሄን በሞባይል ዳታ ማን ያወርዳል? ከሳን አንድሪያስ በፊት የወጣው ጂቲኤ ቫይስ ሲቲ ግን ፍላሽ ላይ ገብቶ ከብሎክ ብሎክ ይዞራል፣ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕም ይችለዋል። የመጀመሪያው ችግር የሚመጣውም ከዚሁ ነው። የሚገለበጠው ፎልደሩ ብቻ ነው። ጌሙ በመጀመሪያው ማሽን ላይ ሲጫን ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የመዝገብ ቋት) ውስጥ የጻፈው፣ አብሮ የጫናቸው ዳይሬክትኤክስና ቪዥዋል ሲ++ የሚባሉት ጌሙ የሚደገፍባቸው የማይክሮሶፍት ፋይሎች እዚያው ይቀራሉ። ከዚያ «ዲ3ዲኤክስ9_43.ዲኤልኤል የለም» የሚል መልእክት ይመጣል። ሰው ያንን አንድ ፋይል ብቻ ካገኘበት ያወርዳል፤ አታድርጉት። ማይክሮሶፍት ራሱ በሰኔ 2010 ያወጣው የዳይሬክትኤክስ ጥቅል አለ፣ አንዴ ሲጫን የዚህ ዓይነቱን ፋይል በሙሉ ያመጣል። አዲሱን ዳይሬክትኤክስም አያበላሽም፣ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ቪዥዋል ሲ++ም ዊንዶውሱ 64 ቢት ቢሆን እንኳ ለድሮ ጌም የሚያስፈልገው ባለ 32 ቢቱ ነው።

ትናንት ይሠራ የነበረ ጌም ዛሬ አይከኑ ብቻ ከቀረ ደግሞ አንቲቫይረሱን ጠርጥሩ። ክራክ የተደረገ (ሳይገዛ እንዲከፈት የተነካካ) ኮፒ ላይ ያለውን ዋና ፋይል አንስቶት ይሆናል። አንዳንዴ በስህተት ነው፣ አንዳንዴ ግን እውነቱን ነው። ሾርትከት ቫይረስ ስንቱን ፍላሽ እንደበላ የምናውቅ ሰዎች «ዝም ብለህ ዲፌንደሩን (የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ) አጥፋው» የሚል ምክር ስንሰማ መሳቅ አለብን።

ዊንዶውስ ሲዘመን ጌም ለምን እንደሚበላሽ ከሁሉም በላይ የሚያስረዳልኝ የስኪመር ታሪክ ነው። ስኪመር ሳን አንድሪያስ ውስጥ ውኃ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ናት። በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 24ኤች2 ዝማኔ የገባባቸው ሰዎች ጌም ውስጥ ጠፋች። በቺት ሲጠሯት ደግሞ ተጫዋቹን ወደ ሰማይ ትወረውረዋለች። ዝማኔው ነው ያበላሸው ማለት ቀላል ነበር። ሳይለንትፓች የሚባለውን ማስተካከያ የሚሠራው ሰው በ2025 ፈልፍሎ ያገኘው ግን ሌላ ነው። ስኪመር ቫይስ ሲቲ ውስጥ የተመዘገበችው ከጀልባ ተርታ ነበር፤ ጀልባ ጎማ ስለሌለው የጎማ መጠን ቁጥር አልተጻፈላትም። ሳን አንድሪያስ ላይ ወደ አውሮፕላን ስትዛወር ያ ቁጥር ተረሳ። ጌሙ የሌለውን ቁጥር ሲፈልግ ከእሷ በፊት የተነበበው ተሽከርካሪ ሜሞሪ ላይ ትቶት የሄደውን አንስቶ ይጠቀም ነበር፣ ወደ 20 ዓመት ገደማ፣ በዕድል። አዲሱ ዊንዶውስ ያችን የሜሞሪ ቦታ ለራሱ ሥራ ሲጠቀምባት ዕድሉ አለቀ። ስህተቱ ከመጀመሪያውም ነበረ፣ ያልታየው ማንም ስላልነካው ነው።

ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። የዚያን ጊዜ ጌም የተሠራው ለዚያን ጊዜ ማሽን ነው። ሳን አንድሪያስ ላይ ፍሬም ሊሚተሩን (በሴኮንድ የሚታየውን የምስል ብዛት የሚገድበውን) ካጠፋችሁት ውኃ ውስጥ መዋኘት እንኳ ይንቀራፈፋል፣ ስለዚህ አብሩት። አንዳንድ ጌም ብዙ ኮር ያለው ፕሮሰሰር ሲያይ ይደናገጣል፤ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ገብቶ አንድ ኮር ብቻ መስጠት ይቻላል። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ደግሞ በተለምዶ ከ2 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ አይጠቀምም። ሞድ (ጌሙን የሚቀይር የተጫዋቾች ጭማሪ) ሲቆለልበት መሃል መንገድ ላይ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፣ ራሙ 16 ጊጋባይት ቢሆንም።

ከዚያ በፊት የነበሩት፣ እንደ ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያ ያሉ የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሲስተም) ጌሞች፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ ጭራሽ አይከፈቱም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ 32 ቢት የሚባል ዓይነት የለውም። ዶስን አስመስሎ የሚሠራው ዶስቦክስ ይጫን፣ አለቀ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡት፣ ለምሳሌ የ1999ኙ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2፣ ቀለማቸው ሲዘበራረቅ ወይም ስክሪኑ ሲጠቁር ዲጂቩዱ 2 የሚባለው ፕሮግራም የድሮውን የግራፊክስ ጥሪ ለአዲሱ ካርድ ይተረጉምላቸዋል። ኦሪጅናል ሲዲ ያለው ሰው እዚህ ብርቅ ነው፣ ግን ካለ ይወቀው፦ ሴፍዲስክ የሚባለው ሲዲው እንዳይገለበጥ የሚከላከለው መቆለፊያ ከ2015 ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ላይ አይሠራም። ዲስኩ ምንም አልሆነም።

ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ ለጌሙ የድሮ ዊንዶውስ መስሎ እንዲቀርብ የሚያደርገው ምርጫ? የተጋነነ ዝና አለው። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 ብላችሁ ሞክሩት። እኔ ግን ጌሙን ከፕሮግራም ፋይልስ አውጥቶ ዲ ድራይቭ ላይ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ የበለጠ ሲጠቅም አይቻለሁ፤ ከቪስታ ወዲህ ዊንዶውስ እዚያ ፎልደር ውስጥ ማንም እንደፈለገ እንዲጽፍ አይፈቅድም፣ የድሮ ጌም ደግሞ ሴቩን እዚያው መጻፍ ይወዳል።

አንድ ጊዜ ሳን አንድሪያስ አልከፍት ብሎኝ ሰፈራችን ያለ ሱቅ ከፍዬ ፎርማት አስደረግኩ። የእህቴ የምርቃት ፎቶ አብሮ ሄደ። ቀድሜ ያስቀመጥኩትን የጌሙን የሴቭ ፎልደር ዶክዩመንትስ ላይ መልሼ ጌሙን ስከፍተው፣ ያው ተዘጋ። በኋላ የተረዳሁት እዚያ ፎልደር ውስጥ ጂቲኤ_ኤስኤ.ሴት የምትባል ትንሽ የሴቲንግ ፋይል መበላሸቷን ነው። እሷን ማጥፋት ብቻ ነበር፤ ጌሙ ሲከፈት አዲስ ይሠራል።

ጌሙ የተዘጋበትን ምክንያት ማየት የፈለገ ዊንዶውስ የደረሰውን የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪወር ይክፈት። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ አፕሊኬሽን፣ ከዚያ ጌሙ በተዘጋበት ሰዓት ያለው ቀይ ምልክት። ጥፋተኛው ሞጁል (ስህተቱ የደረሰበት ፋይል) ስም እዚያ ተጽፏል። የግራፊክስ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ስም ከሆነ ድራይቨሩን አድሱ ወይም ቀድሞ ወደነበረው መልሱ። የጌሙ የራሱ ስም ከሆነ ከሞዶቹ ጀምሩ፣ አንድ በአንድ እያወጣችሁ።

እዚያ ምንም ካልተጻፈና ማሽኑ ራሱ ድርግም ብሎ ከጠፋ ግን ጌሙን ተዉት። ባትሪዋ ሞታ በሶኬት ብቻ የምትኖር ላፕቶፕ መብራቱ ብልጭ ሲል ትጠፋለች፣ ሴቭ በማድረግ ላይ ከነበረ ሴቩም ይበላሻል፤ ስለዚህ ኮፒው ሌላ ቦታ ይቀመጥ። መብራቱ ሳይሄድ ከጠፋች ደግሞ ፋኗን እዩ። የኮዬ አቧራ በበጋ ቀልድ አይደለም። ለዚህ ጠጋኙ ጋ መሄድ ተገቢ ነው፣ በብሎን መፍቻ እንጂ በፍላሽ እንዳይጀምር ብቻ።