ሁሉን አቀፍ የጤና ሽፋን ምንድን ነው? እንዴትስ ይለካል?

ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሰው ሲታመም የሚያስፈልገውን ሕክምና ያገኛል፤ ለመታከም ብሎም በሬውን አይሸጥም። በቃ ይኸው ነው።

መለኪያውም ሁለት ነው። አንደኛው ክትባቱን፣ የወሊድ አገልግሎቱን፣ የቲቢና የደም ግፊት ሕክምናውን፣ ሌላ ሌላውንም ጠቅልሎ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ሁለተኛው ኪስ ያያል። ለዓመታት በተሠራበት ስሌት፣ ከወጪው ወይም ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና ያወጣ ቤተሰብ ከአቅሙ በላይ ከፍሏል ይባላል።

እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። ብር አጥታ ቤቷ ተኝታ የቀረች ሴት ለሕክምና ያወጣችው ዜሮ ነው። ኪሷን ብቻ ላየ ሰው ምንም አልተቸገረችም! ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ካልተነበቡ ጉድ ይሠራሉ።

አማካይም ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ከተወለዱ ሕፃናት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የተወለዱት 28 በመቶ ናቸው ይላል። በክልል ሲበተን አዲስ አበባ 97፣ አፋር 16። አንድ አገር፣ አንድ ጥናት። ጤና ጣቢያው ካለበት አይነቃነቅም፤ አርብቶ አደሩ ግን ግጦሽ ተከትሎ ይሄዳል። ከተማው ብቻ ቢሮጥ እንኳ አማካዩ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱም አብሮ ይሰፋል። የጤና ፍትሐዊነት ክትትል የሚባለው እንግዲህ ቁጥሩን በክልል፣ በገጠርና ከተማ፣ በሀብትና በእናት ትምህርት በትኖ ከዓመት ዓመት ልዩነቱ ጠበበ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

የኪሱን ጉዳይ ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ተሞከረ፤ በኋላም ሰፋ። ቤተሰቡ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችል ድሃ ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። ጥሩ ነገር ነው። ግን አንዲት እናት የመድን መታወቂያዋን ይዛ፣ ተራ ጠብቃ፣ ታይታ፣ ማዘዣዋን ፋርማሲው መስኮት ላይ ስታቀብል «ይሄ የለም፣ ከውጭ ይግዙ» ትባላለች። መዝገቡ ላይ ሽፋን አላት። ብሩን ግን ከመቀነቷ ፈትታ ታወጣለች።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከአባላቱ ብዛት ቀድሞ መቆጠር ያለበት ያ መስኮት ላይ በቀን ስንቴ «የለም» እንደተባለ ነው።