የእግር ኳስ ዳኞች ለክለብ ያዳላሉ? ስህተት፣ አድልዎና ጉቦ

«በዳኛ ተበላን» ብሎ የማያውቅ ደጋፊ የለም። ቅሬታው አንድ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፦ ስህተት፣ አድልዎና ጉቦ። ስህተት ዳኛው ያየውና የሆነው ነገር ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው፤ ማንንም ሊጎዳ ይችላል። ስህተቱ ደጋግሞ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል አድልዎ ይባላል፤ ይህን ዳኛው ራሱ ላያውቀው ይችላል። ጉቦ ግን ዳኛው አውቆ፣ ጥቅም ፈልጎ የሚፈጽመው ነው። ሦስቱም መኖራቸው በማስረጃ ተረጋግጧል። ደጋፊ በብዛት የሚጠረጥረው፣ ዳኞች ተመካክረው አንድን ክለብ ለይተው ያሳድዳሉ የሚለው ግን ከሁሉም ይልቅ ማስረጃ የሚያጣው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ስህተት ከየት ይመጣል

ከጨዋታ ውጭን (ኦፍሳይድን) ለመፍረድ የረዳት ዳኛው ሥራ ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ ጋር እኩል መስመር ላይ መቆም ነው። ከዚያ መስመር አንድ ሜትር ያህል ወደ ግቡ ካለፈ ዓይኑ ይታለላል። ከተከላካዩ ጋር ፍጹም እኩል የቆመ አጥቂ ከተከላካዩ ባሻገር፣ በሜዳው ማዶ በኩል ካለ ወደ ግቡ የቀደመ ይመስለዋል፤ ባንዲራውንም በስህተት ያነሳል። አጥቂው ከተከላካዩ ይልቅ ለረዳት ዳኛው በሚቀርበው ጎን ከሆነ ደግሞ ወደኋላ የቀረ ይመስለዋልና ትክክለኛውን ከጨዋታ ውጭ ያልፈዋል። ረዳት ዳኛው ከመስመሩ ወደኋላ ከቀረ ስህተቱ ይገለበጣል። በዚህ ላይ ኳሷ የምትመታበት ቦታና መስመሩ ብዙ ጊዜ የተራራቁ ስለሆኑ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪዞር የሚሮጠው አጥቂ ቦታ ይቀይራል። እንዲህ ያለው ስህተት የማልያ ቀለም አይመርጥም።

ቫር (በቪዲዮ የሚረዳው የዳኝነት ሥርዓት) ከገባ በኋላ አዲስ ዓይነት ስህተት መጣ፤ የመግባቢያ ስህተት። በሴፕቴምበር 30, 2023 ቶተንሃም ከሊቨርፑል ሲጫወቱ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ ግብ አስቆጠረ፤ ረዳት ዳኛው ከጨዋታ ውጭ ብሎ ሻረው። የቪዲዮ ክፍሉ መስመሩን አስምሮ ዲያዝ ትክክል እንደነበር አየ። ነገር ግን የሜዳው ውሳኔ «ግብ» የነበረ መስሏቸው «ምርመራው ተጠናቋል» አሉ። ለሜዳው ዳኛ ይህ «ከጨዋታ ውጭ የሚለው ውሳኔህ ልክ ነው» ማለት ነበርና ቅጣት ምቱ ተመታ። ስህተታቸውን የተረዱት ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ነው፤ ጨዋታ ከቀጠለ ወደኋላ ተመልሶ ግብ ማጽደቅን ደንቡ አይፈቅድም። ቶተንሃም 2 ለ 1 አሸነፈ። የድምፅ ቅጂው በኋላ ይፋ ሲሆን የተሰማው ድንጋጤና ግርግር ነው። ብዙ ደጋፊ ያኔም ሴራ ነው አለ፤ ቅጂው የሚያሳየው ግን የሜዳውን ውሳኔ መልሶ ጮክ ብሎ የማረጋገጥ ልማድ አለመኖሩን ነው። ይህ ደግሞ በሥልጠና የሚታረም ጉድለት ነው።

የጩኸት ኃይል

አድልዎ ሲለካ ጎልቶ የሚወጣው ለባለሜዳ ማዳላት ነው። በእንግሊዝ በተደረገ ሙከራ 40 ዳኞች የአንድ ጨዋታ ቅጂ ላይ 47 ፍልሚያዎችን አይተው ጥፋት መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ ተደረገ፤ ግማሾቹ ከደጋፊ ጩኸት ጋር፣ ግማሾቹ ድምፁ ጠፍቶ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የቆጠሩት ጥፋት በ15 በመቶ ገደማ አነሰ። ሁሉም ያዩት አንድ ምስል ነው።

በስፔን ላሊጋ ላይ በ1990ዎቹ የታየው ከዚህም ይገርማል። ባለሜዳው በአንድ ግብ ሲመራ ዳኞች በአማካይ 2 ደቂቃ ያህል ጨመሩ፤ አንድ ግብ ሲጎድለው ግን ወደ 4 ደቂቃ። ልዩነቱ ሁለት ግብና ከዚያ በላይ ሲሆን አድልዎው ጠፋ፤ ጭማሪው ምንም አይለውጥማ! ጀርመን ውስጥ ደግሞ በመቀመጫውና በሜዳው መካከል የመሮጫ ትራክ ባለባቸው ስታዲየሞች ለባለሜዳ ማዳላቱ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ደጋፊው ራቅ ሲል ጫናውም ይቀንሳል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በባዶ ስታዲየም ሲጫወቱ እንግዳ ቡድኖች ከባለሜዳው በላይ ያዩት የነበረው የቢጫ ካርድ ብልጫ ጠበበ።

እንግዲህ ዳኛው የሚያዳላው ልቡ የፈለገው ክለብ ስላለ አይደለም። በግማሽ ሰከንድ ውስጥ መወሰን አለበት፤ ያየው ነገር ሃምሳ በሃምሳ ሲሆን አእምሮው ሌላ ፍንጭ ይፈልጋል። የ50 ሺህ ሰው «ኡኡታ» ፍንጭ ይሆነዋል። ትልቅ ክለብ የሚጠቀመውም በከፊል በዚህ ነው፤ ደጋፊው ይበዛል፣ ሜዳው ይሞላል።

ቁጥር ሲያታልል

«ዘንድሮ 2 ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ ነው የተሰጠን» የሚለው ክስ በሒሳብ ሲመረመር ይሳሳል። አንድ ሊግ 20 ክለቦች ቢኖሩትና እያንዳንዱ በዓመት በአማካይ 5 ፍጹም ቅጣት ምት ያገኛል ብንል፣ በዕድል ብቻ አንድ ክለብ 2 ወይም ከዚያ በታች የሚያገኝበት ዕድል 12 በመቶ ገደማ ነው። ያም ማለት ማንም ሳያዳላ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ክለቦች ከሚገባቸው ግማሹን እንኳ አያገኙም፤ የእነዚህ ክለቦች ደጋፊዎች ሁሉ ተበደልን ይላሉ። «ይህ ዳኛ ሲዳኘን አሸንፈን አናውቅም» የሚለውም ያው ነው። 20 ክለብ በ20 ዳኛ ሲባዛ 400 ጥንድ ይሆናል፤ ከመቶ አምስት ጊዜ በአጋጣሚ የሚከሰት ነገር እንኳ በ20 ጥንዶች ላይ ይታያል።

በጥንቃቄ ማወዳደር የፈለገ መጀመሪያ ቡድኑ በተጋጣሚው የቅጣት ክልል ውስጥ ስንት ጊዜ ኳስ እንደነካ ይቁጠር፤ የፍጹም ቅጣት ምት ምንጭ እርሱ ነውና። ካርድን በጥፋት ቁጥር ያካፍል። የባለሜዳና የእንግዳ ጨዋታን ይለይ። ከሁሉም በላይ ለክለቡ ያጋደሉትንም ውሳኔዎች ይመዝግብ። ይህን የመጨረሻውን የሚያደርግ ደጋፊ በጣም ጥቂት ነው፤ ቅሬታውን የሚያጋንነውም ይኸው ነው።

ገንዘብ ሲገባ

በፍርድ የተረጋገጡ የዳኛ ጉቦዎችን ብንመለከት ብዙዎቹ የመጡት ከተቀናቃኝ ክለብ ሳይሆን ከውርርድ ነው። ለአስያዡ ማን እንደተጎዳ ጉዳዩ አይደለም፤ የሚፈልገው የተወሰነ የግብ ብዛት ወይም ያልተጠበቀ ውጤት ነው።

በነሐሴ 2004 በጀርመን ዋንጫ ሃምቡርግ ዝቅተኛ ዲቪዚዮን የነበረውን ፓደርቦርንን 2 ለ 0 እየመራ ነበር። ዳኛው ሮበርት ሆይዘር ለፓደርቦርን ሁለት አጠያያቂ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፣ የሃምቡርጉን አጥቂ ኤሚል ምፔንዛን በቀይ አሰናበተ፤ ውጤቱ 4 ለ 2 ተገለበጠ። ሆይዘር ከአስያዦች 67,000 ዩሮና አንድ ቴሌቪዥን ተቀብሎ ነበር። ያጋለጡት የገዛ የሙያ አጋሮቹ አራት ዳኞች ናቸው። የ2 ዓመት ከ5 ወር እስራት ተፈረደበት።

በአፍሪካም በኖቬምበር 12, 2016 ደቡብ አፍሪካ ከሴኔጋል ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲጫወቱ ጋናዊው ዳኛ ጆሴፍ ላምፕቴ የሴኔጋሉ ካሊዱ ኩሊባሊ ኳስ በእጁ ነክቷል ብሎ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ኳሷ የነካችው ጉልበቱን ነው። ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 አሸነፈ። ጥርጣሬውን ወደ ክስ ያደረሰው ምስሉ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ጨዋታ ላይ የውርርድ ገበያው ከተለመደው ውጭ መንቀሳቀሱም ታይቷል። ፊፋ ዳኛውን ዕድሜ ልክ አገደው። ከክፉ ስህተት ጉቦን የሚለየው ይህ ሁለተኛው ማስረጃ ነው፤ ቪዲዮ ብቻውን ሐሳብን አያሳይም።

ጉቦ የበላ ዳኛ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ አደባባይ አይወጣም። ለተከላካዩ ገና በ10ኛው ደቂቃ ቢጫ ሰጥቶ ሊያስረው፣ መልሶ ማጥቃትን መሐል ሜዳ ላይ በትንሽ ጥፋት ሊቆርጥ፣ ባከነ ሰዓት ሊያስረዝም ይችላል። ቫር በዋናነት የሚያየው ግብን፣ ፍጹም ቅጣት ምትን፣ ቀጥታ ቀይ ካርድንና የተጫዋች ማንነት መሳሳትን ነው፤ ከላይ የጠቀስናቸው ስልቶች ግን ከእርሱ ክልል ውጭ ናቸው።

ማን ይመድባል?

ክለብ ዳኝነት ላይ እጁን የሚያስገባበት ዋናው በር የዳኛ ምደባ ነው። በ2006 ጣሊያን ውስጥ የወጣው ቅሌት የተጠለፉ የስልክ ንግግሮችን ይዞ ነበር፤ የዩቬንቱሱ ሥራ አስኪያጅ ሉቻኖ ሞጂ ዳኛ ከሚመድቡት ፓኦሎ ቤርጋሞና ፒየርሉዊጂ ፓይሬቶ ጋር ስለ ዳኞች ይነጋገሩ ነበር። ዩቬንቱስ የ2005ና የ2006 ዋንጫዎቹን ተነጥቆ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን (ሴሪ ቢ) ወረደ። ሚላን፣ ላዚዮና ፊዮረንቲናም ነጥብ ተቀንሶባቸዋል። ሃያ ዳኛ ከመግዛት ይልቅ መዳቢውን ማግባባት ይቀላል፤ ስለዚህ አንድ ሊግ ንጹሕ መሆኑን ማወቅ የፈለገ በመጀመሪያ ምደባው በማን እጅ እንዳለ፣ መዳቢውን ማን እንደሚሾመውና ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው ይጠይቅ።

በስፔን ባርሴሎና የዳኞች ኮሚቴ ምክትል ፕሬዚዳንት ለነበሩት ሆሴ ማሪያ ኤንሪኬስ ኔግሬራ ኩባንያዎች ለዓመታት እስከ 2018 ድረስ ከ7 ሚሊዮን ዩሮ በላይ መክፈሉ በ2023 ይፋ ሆኖ ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል። ክለቡ ክፍያው ለምክርና ለሪፖርት ነው ብሎ ጥፋቱን ይክዳል። ዳኛ ተገዛም አልተገዛ፣ በዳኞች ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ከክለብ ገንዘብ መቀበሉ ራሱ ሊፈቀድ የማይገባ የጥቅም ግጭት ነው።

ውጤት ይሰረዛል?

በጨዋታው ሕግ 5 መሠረት ዳኛው በጨዋታ ላይ ስለሆነው ነገር የሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ተራ ስህተት ጨዋታ አያስደግምም፤ የተረጋገጠ ማጭበርበር ግን ሊያስደግም ይችላል። ላምፕቴ የዳኘው ጨዋታ በኖቬምበር 2017 ተደግሞ ሴኔጋል 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ወደ ሩሲያው የዓለም ዋንጫም አለፈች።

በብራዚል በ2005 ዳኛው ኤዲልሰን ፔሬይራ ደ ካርቫልዮ ከአስያዦች ጋር መሥራቱ ሲታወቅ የዳኛቸው 11 የሊግ ጨዋታዎች በጅምላ ተሰርዘው ተደገሙ። ኮሪንቲያንስ ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን ተሸንፎ ነበር፤ ሲደገሙ 4 ነጥብ አገኘባቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ሊጉን ኢንተርናሲዮናልን በ3 ነጥብ በልጦ ወሰደ።