ስለ ቬራ ኾሎድናያ የሚወራውና እውነታው

የሩሲያ ድምፅ አልባ ፊልም ንግሥት የነበረችው የቬራ ኾሎድናያ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው አሟሟቷ ነው። በአበባ ተመርዛ ሞተች ይባላል። እኔን ይህ ወሬ ያሳዝነኛል፤ ሥራዋን ጋርዶታል። እስቲ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ኾሎድናያ ለፊልም ያወጣችው ስም ነው»

በሩሲያኛ ቃሉ «ቀዝቃዛዋ» ማለት ነው። ለዚያ ጭምት ፊቷ ታስቦ የወጣ ቢመስል አይገርምም። ግን የባሏ ቤተሰብ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 በፖልታቫ፣ በዛሬዋ ዩክሬን ስትወለድ ቬራ ሌቭቼንኮ ነበረች። በ1910 ቭላድሚር ኾሎድኒ የሚባል የመኪና እሽቅድምድም ወዳጅ የሆነ የሕግ ሰው አገባች። ኾሎድኒ ለሴት ሲሆን ኾሎድናያ ይባላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ትወና ተምራ የመጣች ናት»

በልጅነቷ የቦልሾይ ባሌት ትምህርት ቤት ገብታ ብዙም ሳትቆይ ወጥታለች። ትወና ግን አልተማረችም። በ1914 በአንዲት ትንሽ ሚና ጀመረች። በ1915 ዳይሬክተሩ የቭጌኒ ባወር ዋና ሚና ሰጣት። ባወር ብርሃንና ጥላን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ወዲያ ወዲህ እንድትል አላስቸገራትም። ትልልቅ ዓይኖቿን ቀስ አድርጋ ቀና ስታደርግ ሌላ ነገር አያስፈልግም። በዘመኑ እጅ ማወናጨፍ የተለመደ ነበር፤ እሷ ዝም ብላ ትታያለች።

«ቨርቲንስኪ ያን ዘፈን የጻፈው ስትሞት ነው»

«ጣቶችሽ እጣን እጣን ይሸታሉ» የሚለው የሩሲያዊው ዘፋኝ የአሌክሳንደር ቨርቲንስኪ ዘፈን የለቅሶ ይመስላል። ግን በ1916 በሕይወት እያለች ለእሷ መታሰቢያ ያደረገው ነው። እሱ ራሱ በትዝታው እንደተረከው፣ ግጥሙን ስታይ ደነገጠች፤ «ስሜን ከላዩ አጥፋልኝ» አለችው። አጠፋላት። ከሞተች በኋላ ግን ስሟን መለሰው።

«በነጭ አበባ ተመርዛ ሞተች»

በ1919 መጀመሪያ የጥቁር ባሕር ወደብ የሆነችው ኦዴሳ በእርስ በእርስ ጦርነት ውስጥ ነች። የፈረንሳይ ወታደሮች ከተማዋ ውስጥ አሉ። ሰው ሁሉ ሰላይ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በዚህ መሐል የ25 ዓመት ወጣት፣ በጣም የታወቀች ቆንጆ፣ በጥቂት ቀናት ሕመም አለፈች። ወሬ እንዴት አይነሳ! የፈረንሳይ ቆንስል የተመረዘ አበባ ላከላት አሉ። ሰላይ ስለነበረች ገደሏት ያሉም አሉ።

የገደላት የስፓኒሽ ፍሉ ነው። የካቲት 16 ቀን 1919 በፈረንጆች አቆጣጠር አረፈች። እኛ «የኅዳር በሽታ» የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስለቀሰው፣ ኅዳር ሲታጠን የምናስበው ያው ወረርሽኝ ማለት ነው። «ጤነኛ ወጣት እንዴት በጥቂት ቀን ትሞታለች?» ለሚል መልሱ እዚሁ አለ፦ ያ በሽታ ከሌሎች ጉንፋኖች በተለየ ብዙ የቀጠፈው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ነው።

ቀብሯ ተቀርጾ ሲኒማ ቤት ታይቷል። የኦዴሳ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ሬሳ ሳጥኗን ሲሸኝ ይታያል። የተቀበረችበት መካነ መቃብር ግን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፈርሷል። በርካታ ፊልሞች ሠርታ እስከ ዛሬ የተረፉት ከአስር አይበልጡም። ቬራን ማየት ከፈለጋችሁ በቀብሩ ባትጀምሩ ደስ ይለኛል። ባወር በ1916 የሠራው «ሕይወት ስለ ሕይወት» ተርፏል፤ መጀመሪያ እሱን እዩት።