የአየርላንድ ታላቁ ረሃብና ስደት በየአካባቢው እንዴት ይታሰባል?

ከ1845 እስከ 1852 አየርላንድን የመታው ታላቁ ረሃብ በደሴቲቱ ታሪክ ከደረሱት መከራዎች ከከፉት አንዱ ነው። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና ረሃቡ ባስከተለው በሽታ አለቀ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ደግሞ በመርከብ ተሳፍሮ አገሩን ጥሎ ሄደ። ይህን መከራ በየዓመቱ የሚያስበው መንግሥት ብቻ አይደለም። የመንደር የታሪክ ማኅበራት፣ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤቶችና በባሕር ማዶ የሚኖሩ የአየርላንድ ተወላጆች በእግር ጉዞ፣ በጸሎት፣ በንባብና በሐውልት ያስቡታል። እንዲያውም የመታሰቢያው መነሻ መንደሩ ነው፤ መንግሥት የተከተለው ዘግይቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚታሰበው ምንድን ነው?

ከረሃቡ በፊት የአየርላንድ ድሃ ኑሮ የተንጠለጠለው በድንች ላይ ነበር። ጭሰኛው በኩርማን መሬቱ ላይ ያመረተውን እህልና ያረባውን ከብት ለመሬት ኪራይ ይሸጣል፤ ቤተሰቡን የሚያበላው ድንች ነው። በ1845 መኸር ከባሕር ማዶ የመጣ የሰብል በሽታ ቅጠሉን አጠቆረው፤ ድንቹም ሲቆፈር ሸትቶና ሟሙቶ ተገኘ። በተከታዩ ዓመት ምርቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። የበሽታው ጥፋት የተፈጥሮ ነው ቢባልም፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የሰው ሥራ ነበር። አገሪቱ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ስለነበረች ውሳኔው ከለንደን ነው የሚመጣው። እዚያ ያሉት ባለሥልጣናት ደግሞ ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል በሚል እምነት እርዳታውን አሳነሱት። ሕዝቡ እየተራበ ከአየርላንድ ወደቦች እህልና ከብት መጫኑ አልተቋረጠም።

አየርላንዳውያን «ጥቁሩ አርባ ሰባት» የሚሉት 1847 ከሁሉም የከፋው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ በሾርባ ማደያዎች በቀን እስከ 3 ሚሊዮን ሰው ይመገብ ነበር። ማደያዎቹ ብዙ ሰው እያዳኑ ሳለ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጉ፤ ሸክሙም «የሥራ ቤት» ወደሚባሉት የድሆች መጠለያዎች ዞረ። እዚያ የገባ ቤተሰብ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ ተለይቶ ይቀመጣል፤ በተጨናነቀው ክፍል ተስቦው ይጨርሰዋል። በዚያው ዓመት የወጣ የሕግ አንቀጽ ከሩብ ኤከር (አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ያህል) የሚበልጥ መሬት የያዘ ሰው እርዳታ እንዳያገኝ ከለከለ። ስለዚህ ገበሬው ወይ መሬቱን ይለቃል፣ ወይ ልጆቹን ያስርባል። መሬቱን የለቀቀው ብዙ ጊዜ ጎጆው በላዩ ላይ ይፈርስበት ነበር። በ1841 ቆጠራ 8.2 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የደሴቲቱ ሕዝብ በ1851 ወደ 6.6 ሚሊዮን ወረደ። ዛሬም ድረስ ወደ ቀድሞው ቁጥር አልተመለሰም።

ለምን ዘገየ?

ከረሃቡ በኋላ ለብዙ ትውልድ ነገሩ በአደባባይ እምብዛም አይወራም ነበር። የተረፉት ሰዎች የሚያፍሩበት ነገር ነበራቸው። ጎረቤቱ ሲሰደድ መሬቱን የያዘ አለ፤ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ አለ፤ ለአንድ ሳሕን ሾርባ ሃይማኖቱን ለወጠ እየተባለ ልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ የተሰደቡም አሉ። በ1945፣ መቶኛው ዓመት ሲደርስ፣ የአየርላንድ የአፈ ታሪክ ኮሚሽን በየገጠሩ መጠይቅ ልኮ ከአረጋውያን አፍ የቀረውን ትዝታ ሰበሰበ። ሥራው ትልቅ ነበር፤ ብሔራዊ የሆነ ትልቅ መታሰቢያ ግን አልተከተለውም።

ነገሩ የተለወጠው 150ኛው ዓመት ሲቃረብ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየወረዳው ሐውልት መቆም፣ ያለ ምልክት የቀሩ የጅምላ መቃብሮችም መታጠርና መስቀል ማግኘት ጀመሩ። በአንዳንድ መንደር ሾርባው የተቀቀለበት ትልቁ የብረት ድስት ራሱ ከጓሮ ወጥቶ መታሰቢያ ሆነ፤ ከብት ውኃ ሲጠጣበት የኖረ ድስት ነው ዛሬ አበባ የሚቀመጥበት። በ1997 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የቶኒ ብሌር መግለጫ በኮርክ አውራጃ በተደረገ ዝግጅት ላይ ተነበበ፤ በረሃቡ ጊዜ በለንደን ይገዙ የነበሩት ሕዝባቸውን እንዳልታደጉት የሚያምን ነበር። ብዙዎች እንደ ይቅርታ ቆጠሩት። መግለጫውን ረዳቶቻቸው እንደጻፉትና እርሳቸውም አስቀድመው እንዳላዩት የታወቀው በ2021 ሰነዶቹ ሲከፈቱ ነው።

የዱሎክ ጉዞ

ከአካባቢ መታሰቢያዎች ሁሉ ትርጉሙ ጎልቶ የሚታየኝ በምዕራብ አየርላንድ፣ በማዮ አውራጃ የሚደረገው የዱሎክ የእግር ጉዞ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1849 በመቶዎች የሚቆጠሩ ረሃብተኞች ለእርዳታ ብቁ መሆናቸው እንዲረጋገጥላቸው ሉዊስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰበሰቡ። መርማሪዎቹ ግን ሳያዩዋቸው 19 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ዴልፊ የሚባል የአደን ማረፊያ ሄደዋል። ሕዝቡ በማግስቱ ማለዳ እዚያ ካልተገኘ እርዳታው እንደሚቀርበት ተነገረው። በብርድና በዝናብ፣ ጫማ የሌለው እግር ሌሊቱን ሲጓዝ አደረ። ዴልፊ ሲደርሱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ ተባሉ። በሐይቁ ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ ሲመለሱ ብዙዎች ወድቀው ቀሩ። የሟቾቹ ቁጥር እስካሁን ያከራክራል፤ ጥቂት ናቸው የሚል አለ፣ በመቶዎች የሚቆጥርም አለ።

አፍሪ የተባለው የአየርላንድ የሰብአዊ መብት ማኅበር ከ1988 ጀምሮ በዚያው መንገድ ላይ ጉዞ ያዘጋጃል። በመንገዱ ዳር የቆመው ምልክት ጌጥ የሌለው የድንጋይ መስቀል ነው። በአንደኛው ወገን ተራራ፣ በሌላው ሐይቅ አለ፤ ነፋሱ ከአትላንቲክ ነው የሚመጣው። ጉዞው የራስን ቁስል ብቻ ለማከም የተዘጋጀ አይደለም። በየዓመቱ በዓለም ላይ ካለ ረሃብ፣ ጦርነት ወይም ግፍ ጋር ይያያዛል፤ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎችም ከፊት ይሄዳሉ። ከተጓዙት መካከል የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ይገኙበታል።

የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ቾክታዎችም በዚህ መንገድ ተጉዘዋል፤ ምክንያቱ ጥንታዊ ነው። በ1847፣ ራሳቸው ከምድራቸው ተነቅለው በኃይል ከተጋዙና በመንገድ ላይ ብዙ ወገን ካለቀባቸው ከ16 ዓመት በኋላ፣ ከድህነታቸው አዋጥተው 170 ዶላር ያህል ለአየርላንድ ረሃብተኞች ላኩ። አየርላንዳውያን ይህን አልረሱም። በኮርክ አውራጃ በሚድልተን ከተማ ከ6 ሜትር የሚረዝሙ ዘጠኝ የብረት ላባዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ወደ ሰማይ የተዘረጋ ባዶ ሳሕን እንዲመስሉ ነው የተሠሩት። በ2017 ሲመረቁ የቾክታው ልዑካን ተገኝተው ነበር። በ2020 ደግሞ ኮቪድ የናቫሆና የሆፒ ነባር ሕዝቦችን ሲጎዳ ብዙ አየርላንዳውያን የዚያን ጊዜውን ውለታ እያነሱ ገንዘብ ላኩ።

ይህ ነገር እኛንም ይነካል። በወሎ ረሃብ ጊዜ፣ በ1973፣ ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ የእርዳታ ድርጅት ኢትዮጵያ ገባ። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም የአየርላንድ ሕዝብ፣ በራሱ ኢኮኖሚ ችግር ውስጥ እያለ፣ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ሲታይ በልግስናው ከዓለም ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ለዚያ ድርቅ ተጎጂዎች ገንዘብ የተሰበሰበበትን የላይቭ ኤይድን ኮንሰርት ካዘጋጁት ዋነኛው ቦብ ጌልዶፍም የደብሊን ሰው ነው። አየርላንዳውያን ለዚህ ልግስና ምክንያት ሲሰጡ የራሳቸውን ረሃብ ደጋግመው ያነሳሉ። በእኔ ግምት ይህ የታይታ ንግግር አይደለም፤ አያቱ በረሃብ ያለቀችበት ቤተሰብ የሌላውን ረሃብተኛ ፎቶግራፍ ሲያይ ከሌላው የተለየ ነገር ያያል።

ብሔራዊው ቀን

በደብሊን አነስተኛ የዜጎች ኮሚቴ ለዓመታት ከተሟገተ በኋላ መንግሥት በ2008 የብሔራዊ ዝክር ኮሚቴ አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት በ2009 በኮርክ አውራጃ በምትገኘው በስኪበሪን ከተማ ተደረገ። ምርጫው ትክክል ነበር። በከተማዋ ዳር ባለው የአቢስትራውሪ መቃብር ከ8,000 እስከ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ያለ ሣጥን በጅምላ ተቀብሯል። የለንደን ጋዜጣ በ1847 ያተማቸውና ዓለምን ያስደነገጡት የረሃብ ሥዕሎችም አብዛኞቹ የተሣሉት በዚሁ አካባቢ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዓሉ በአንድ ቦታ አይቆምም፤ በአራቱ ጥንታዊ ክፍለ ሀገራት መካከል ይዘዋወራል። በ2015 ኒውሪ ላይ ሲደረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሰሜን አየርላንድ ገባ። አሁን ቀኑ የግንቦት ወር ሦስተኛ እሑድ ሆኗል። ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ይላል፣ የኅሊና ጸሎት ይደረጋል፣ የልዩ ልዩ ሃይማኖት አባቶች ይጸልያሉ፣ አምባሳደሮች ጉንጉን አበባ ያኖራሉ። ተረኛዋ ከተማ ግን ለዚያ እሑድ ብቻ አትዘጋጅም። ተማሪዎች የአካባቢያቸውን የሥራ ቤት መዝገብ ያጠናሉ፣ ንግግርና ዐውደ ርእይ ይዘጋጃል፣ የተረሳ መቃብር ይጸዳል። እንግዶቹ ሲሄዱ ለከተማዋ የሚቀራት ይህ ነው።

የሄዱት

የስደቱ መታሰቢያ ከረሃቡ ጋር ተያይዞ ይኑር እንጂ የራሱ መልክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ የሚሄድ ልጅ ያለው ቤተሰብ በዋዜማው ሌሊት ጎረቤት ጠርቶ ለቅሶ ይቀመጥ ነበር፤ በሕይወት ላለ ሰው። ይዘፈናል፣ ይጨፈራል፣ ሊነጋ ሲል ሴቶቹ ሙሾ ያወርዳሉ። ወላጆቹ ልጃቸውን ዳግም እንደማያዩ ያውቁታል። ለልጇ የውጭ አገር ጉዞ ቦሌ ድረስ ሄዳ የሸኘች እናት ይህን ሌሊት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋትም፤ ልዩነቱ ያኔ ስልክ አለመኖሩ ነው። ሜሪ ሮቢንሰን በ1990 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በቤተ መንግሥቱ መስኮት ለተሰደዱት ሁሉ የሚበራ መብራት አኖሩ።

በሄዱበትም አገር መታሰቢያውን የጀመሩት ተራ ሰዎች ናቸው። በ1847 ወደ ካናዳ ከተሳፈሩት 100,000 ገደማ ስደተኞች ከአምስቱ አንዱ ያህል በባሕር ላይ ወይም በደረሰ በወራት ውስጥ ሞቷል። በሞንትሪያል የቪክቶሪያን ድልድይ ይሠሩ የነበሩ የቀን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ራሳቸው አየርላንዳውያን፣ ሲቆፍሩ የወገኖቻቸውን አፅም አገኙ። ቦታው እንዳይደፈር ብለው በ1859 ከወንዝ የወጣ ግዙፍ ጥቁር ድንጋይ አቆሙ፤ በላዩም በተስቦ የሞቱ 6,000 ስደተኞች መታሰቢያ መሆኑን ቀረጹበት። ዛሬ ድንጋዩ በመኪና መንገድ መካከል ነው ያለው። በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ የከተማዋ አየርላንዳውያን ከቅዳሴ በኋላ ተሰልፈው ወደዚያው ይጓዛሉ።

በኒውዮርክ የማንሃተን ዳርቻ በ2002 የተመረቀው መታሰቢያ ደግሞ ከማዮ ተነቅሎ የመጣ እውነተኛ የገበሬ ጎጆ ፍርስራሽ ይዟል። በዙሪያው ያለው ማሳ ሩብ ኤከር ነው፤ ልኩ ያን የእርዳታ ክልከላ እንዲያስታውስ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው።

አውስትራሊያ ሌላ ታሪክ አላት። ከ1848 እስከ 1850 ድረስ ከ4,000 የሚበልጡ ወላጅ አልባ ልጃገረዶች ከአየርላንድ የሥራ ቤቶች ተመርጠው ለቤት ሠራተኝነትና ለትዳር ወደዚያ ተላኩ። ሲድኒ ሲደርሱ በተጠለሉበት፣ ሃይድ ፓርክ ባራክስ በተባለው ሕንፃ አጥር ላይ በ1999 መታሰቢያ ተሠራ፤ ረጅም ጠረጴዛ ግንቡን አቋርጦ ያልፋል፣ ላዩ ላይ ባዶ ሳሕን አለ፣ በመስተዋቱም ላይ የልጃገረዶቹ ስም ተጽፏል። በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ እሑድ ዘሮቻቸው እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት አንድ ስም ነው።

ስም ያለበት መታሰቢያ ከትልቅ ሐውልት ይበልጣል ብዬ የማምነው በአየርላንድ፣ በሮስኮመን አውራጃ በምትገኘው በስትሮክስታውን ምክንያት ነው። በዚያ የነበሩ የመሬት ከበርቴ፣ ሜጀር ዴኒስ ማሆን፣ በ1847 ጸደይ 1,490 ጭሰኞቻቸውን ከርስታቸው አስነሥተው ወደ ካናዳ ላኳቸው፤ ሜጀሩን ራሳቸውን ደግሞ በዚያው ዓመት ኅዳር ሰዎች በጥይት ገደሏቸው። የርስቱ መዝገብ በከበርቴው ቤት ውስጥ ስለተረፈ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም ይታወቃል። ቤቱ ከ1994 ጀምሮ ብሔራዊ የረሃብ ሙዚየም ነው። ከዚያ እስከ ደብሊን ወደብ በቦይ ዳር የሚሄድ 165 ኪሎ ሜትር መንገድ ጭሰኞቹ ለመሳፈር በእግራቸው የተጓዙበትን መሥመር ይከተላል፤ በየሥፍራው ከነሐስ የተሠሩ የሕፃን ጫማዎች ተተክለዋል። ከተጓዦቹ አንዱ የ12 ዓመቱ ዳንኤል ታይ ነበር። እናቱ፣ አጎቱና ሦስት እኅት ወንድሞቹ በጉዞው ሞቱበት። እርሱና ታናሽ እኅቱ ካትሪን ኬቤክ ደርሰው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆነ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ የአባታቸው ስምም አልተለወጠባቸውም። በ2013 ከዘሮቹ አንዱ ከካናዳ ተነሥቶ ስትሮክስታውን መጣ። የቀሩትን ቤተሰቦች የመፈለጉ ሥራ ግን ዛሬም ቀጥሏል።