በባሕር ዳር የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ የኤሌክትሮስታቲክስና የካፓሲተር ጥያቄዎች

ኤሌክትሮስታቲክስ የረጉ የኤሌክትሪክ ቻርጆች እርስ በርሳቸው የሚያሳድሩትን ኃይል፣ በዙሪያቸው የሚፈጥሩትን መስክና በመስኩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ኢነርጂ የሚያጠና የፊዚክስ ክፍል ሲሆን፣ ካፓሲተር ደግሞ ይህንኑ ቻርጅና ኢነርጂ ይዞ ለማቆየት የሚሠራ ዕቃ ነው። ሁለቱ ርእሶች በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የተመደበ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በሚወስደው የጠቅላላ ፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትና በ1972 የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ተዋሕደው የመሠረቱት በመሆኑ፣ ፊዚክስ በከተማው ረጅም የማስተማር ታሪክ አለው፤ ፖሊ መሐንዲሱን፣ ፔዳ መምህሩን ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይቅረብ እንጂ ከክፍል ውጭ ተማሪዎች በቡድን ሲሠሩት ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት በአማርኛ ነው።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1785 ፈረንሳዊው ኩሎምብ በሙከራ ያረጋገጠው ሕግ ነው። በሁለት ነጥብ ቻርጆች መካከል ያለው ኃይል ከቻርጆቹ ብዜት ጋር አብሮ ያድጋል፣ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ቋሚው ቁጥርም 8.99 × 10⁹ ኒውተን ሜትር ስኩዌር በኩሎምብ ስኩዌር ነው። 4 እና 9 ማይክሮኩሎምብ የሆኑ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጆች በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢቀመጡ በ1.29 ኒውተን ይገፋፋሉ። እስከዚህ ድረስ ሒሳብ ብቻ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው መስኩ፣ ማለትም በአንድ ኩሎምብ ቻርጅ ላይ የሚያርፈው ኃይል፣ ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ የት እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። የሁለቱን መስኮች መጠን አስተካክሎ የጻፈ ተማሪ ሁለት መልስ ያገኛል፤ አንደኛው በቻርጆቹ መካከል ከትንሹ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ሁለተኛው በውጭ በኩል ከትንሹ 1 ሜትር ርቆ ይገኛል። ትክክለኛው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ነጥብ መስኮቹ መጠናቸው እኩል ቢሆንም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያመለክቱ ይደመራሉ እንጂ አይሻሩም። ነገር ግን ከቻርጆቹ አንዱ ኔጌቲቭ ቢሆን ኖሮ የተጣለው መልስ እውነተኛ፣ የተወሰደው ደግሞ ሐሰት ይሆን ነበር። ቀስቶቹን በወረቀት ላይ ሳይሥል ወደ ቀመር የሮጠ ተማሪ ይህን ሊያይ አይችልም፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን የማስቀድመውም ስለዚህ ነው።

በዝግ ገጽ በኩል የሚያልፈውን መስክ በውስጡ ካለው ቻርጅ ጋር የሚያያይዘው የጋውስ ሕግ በዚህ ደረጃ ሉልን፣ ረጅም ሽቦንና ሰፊ ዝርግ ሰሌዳን ከመሳሰሉ ቅርጾች ብዙም አይርቅም። ፖቴንሺያል፣ ማለትም በአንድ ነጥብ ላይ ለአንድ ኩሎምብ ቻርጅ የሚደርሰው ኢነርጂ፣ ግን አቅጣጫ የሌለው መጠን በመሆኑ እፎይታን ይዞ ይመጣል፤ የእያንዳንዱ ቻርጅ ድርሻ ምልክቱን ይዞ በቀጥታ ይደመራል።

የካፓሲተር ጥያቄዎች ልብ የሚሉ ተማሪዎችን የሚፈትኑት በሌላ መንገድ ነው። 100 ሴንቲ ሜትር ስኩዌር ስፋት ያላቸውና በ1 ሚሊ ሜትር አየር የተለያዩ ሁለት ሰሌዳዎች 88.5 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ቮልት ቻርጅ የመያዝ አቅም፣ ይኖራቸዋል። ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ተገናኝተው ሲሞሉ 6.37 ናኖጁል ይይዛሉ። አሁን ክፍተቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይስፋ። ባትሪው አስቀድሞ ተነቅሎ ከሆነ ቻርጁ መሄጃ ስለሌለው ባለበት ይቆያል፤ ካፓሲታንሱ በግማሽ ቀንሶ ቮልቴጁ 24፣ ኢነርጂውም 12.7 ናኖጁል ይሆናል። ባትሪው እንደተገናኘ ከሆነ ግን የማይለወጠው ቮልቴጁ ነው፤ ኢነርጂው ወደ 3.19 ናኖጁል ይወርዳል። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንዱ ኢነርጂን በእጥፍ አሳደገ፣ በሌላው ግማሹን አስቀረ። በሁለቱም ጊዜ የሚሳሳቡትን ሰሌዳዎች ያራቀው እጅ ሥራ ሠርቷል፤ በሁለተኛው ግን የእጁም ሥራ፣ ከመስኩ የጎደለውም ኢነርጂ ወደ ባትሪው ተመልሶ ገብቷል። ስለዚህ ከማናቸውም ቀመር በፊት መጠየቅ ያለበት ቻርጁ ነው ወይስ ቮልቴጁ ባለበት የሚቆየው የሚለው ነው፤ በዚህ ምዕራፍ የሚጠፋው ነጥብ አብዛኛው የሚጠፋው ይህ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ይመስለኛል።

የተከታታይና የጎንዮሽ ግንኙነት ጥያቄዎች ከዚህ ይቀላሉ። 3 እና 6 ማይክሮፋራድ በተከታታይ ሲገናኙ 2 ማይክሮፋራድ ይሆናሉ፤ በ12 ቮልት ላይ ሁለቱም እኩል 24 ማይክሮኩሎምብ ስለሚይዙ ብዙውን ቮልቴጅ፣ ማለትም 8 ቮልቱን፣ የሚወስደው ትንሹ ካፓሲተር ነው። ከዚህ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው በ100 ቮልት የተሞላ የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ባዶ ከሆነ እኩያው ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ነው። ቻርጁ ሳይጎድል እኩል ይካፈላል፣ ቮልቴጁ 50 ይሆናል፣ ኢነርጂው ግን ከ50 ሚሊጁል ወደ 25 ይወርዳል። የጎደለው ግማሽ በሽቦው ሙቀት፣ በብልጭታና በጨረር ይወጣል፤ የሽቦው ሬዚስታንስ ቢያንስም ቢበዛም መጠኑ ያው ግማሽ ነው።

ቦታው ራሱ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚጨምረው ነገር አለ። በጥያቄዎቹ ውስጥ አየር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ጠባይ የሚያመጣው መስኩ 3 × 10⁶ ቮልት በሜትር ሲደርስ ነው ይባላል፤ ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ያለ አየር ቁጥር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ አየሩም በዚያው ልክ ቀድሞ ይሸነፋል፤ በ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ላይ 3,000 ቮልት የነበረው ወሰን ወደ 2,400 ይጠጋል። የከፍተኛ ቮልቴጅ ዕቃዎች ከ1,000 ሜትር በላይ ሲተከሉ የከፍታ ማስተካከያ የሚደረግላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። በፀጉር የታሸ ፕላስቲክ ወረቀት የሚያነሣበት ሠርቶ ማሳያም በበጋው ደረቅ አየር በደንብ ይሠራል፤ በክረምት እርጥበቱ በዕቃው ላይ ስስ የውሃ ሽፋን እየፈጠረ ቻርጁን ያስመልጠዋል። ንጹሕ ውሃ 80 ገደማ የሆነ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ (በሰሌዳዎች መካከል የገባ ነገር ካፓሲታንስን ስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ የሚያሳይ ቁጥር) አለው ተብሎ የጣና ውሃ በሰሌዳዎች መካከል ቢፈስ ካፓሲታንሱ 80 እጥፍ ያድጋል ማለት አይቻልም፤ በውሃው የሟሙት ጨዎች ቻርጁን ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ያሻግሩታልና።

ይህ የሐይቁ አስተላላፊነት ለሌላ ጥያቄ መነሻ ይሆናል። በክረምት ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ የሚቆም የነጎድጓድ ደመና ታች ገጽ 2 ኪሎ ሜትር በ2 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከውሃው በ1 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል፤ ደመናውና ሐይቁ እንደ ሁለት ሰሌዳ ሲታዩ ካፓሲታንሳቸው 35 ናኖፋራድ ገደማ ነው። በመካከላቸው 100 ሚሊዮን ቮልት ቢኖር 3.5 ኩሎምብ ቻርጅና 1.8 × 10⁸ ጁል ያህል ኢነርጂ ይጠራቀማል፤ ይህም 49 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድን ለ14 ሰዓት ያሠራል። አማካዩ መስክ 10⁵ ቮልት በሜትር ብቻ ስለሚሆን ከአየሩ ወሰን በታች ነው፤ መብረቅ ግን አማካዩ እስኪሞላ አይጠብቅም፤ በደመናው ውስጥ ወይም ሹል በሆነ ነገር ጫፍ ላይ መስኩ ከአማካዩ እጅግ ስለሚበልጥ ከዚያ ይጀምራል። የሰሌዳ ቀመር ደመናን ጠፍጣፋ፣ ሐይቁንም ያለ አንዳች ጉብታ ለጥ ያለ አድርጎ ይወስዳል፤ በተንጣለለው ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ብቸኛ ነገር ታንኳ ላይ የተቀመጠ ዓሣ አስጋሪ ሊሆን እንደሚችል አይቆጥርም።